የአቶም ሞዴሎች ሁሉ ስህተት ከነበሩ ለምን እንማራቸዋለን? ደሞ ሳያዩት እንዴት አወቁት?

ጠያቂዋ_11ኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ግን ከልቤ ነው። ክፍል ውስጥ አቶምን ስንማር ዴሞክሪተስ ከዛ ዳልተን ከዛ ቶምሰን ከዛ ራዘርፎርድ ከዛ ቦር እያልን በተራ እንሸመድዳለን፣ እያንዳንዱ ጋ ስንደርስ «ይሄ ስህተት ነበር» ይባልና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ፈተና ላይ ማን መቼ ምን አለ ተብሎ ይጠየቃል፣ እመልሳለሁ፣ ማርክም አገኛለሁ፣ ግን አልገባኝም። ሁለት ነገር ነው ሚያስጨንቀኝ። አንደኛ ማንም በዓይኑ ያላየውን ነገር ውስጡን ሳይቀር እንዴት አወቁት? ሁለተኛ ሁሉም ስህተት ከነበሩ አሁን የምንማረውስ ነገ ስህተት ነው ላለመባሉ ምን ዋስትና አለን? እባካችሁ ኢንተርኔት ላይ አንብቢ አትበሉኝ፣ አንብቤያለሁ፣ እዛም ያው ተራው ነው ያለው።

ኬሚስትሪ_ላብ፦
እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን ዴሞክሪተስን ከሰልፉ አውጪው። እሱና መምህሩ ሌውኪፐስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ያሉት በሙግት እንጂ በማስረጃ አይደለም፣ አንድን ነገር እየቆረጡ እየቆረጡ ቢሄዱ መጨረሻ ላይ የማይቆረጥ ነገር ይገኛል ነው ያሉት፣ አቶሞስ ማለትም በግሪክኛ የማይቆረጥ ማለት ነው። አርስቶትል ደሞ ኧረ የለም፣ ሁሉም ነገር ከአፈር ከውሃ ከአየርና ከእሳት ነው አለ፣ እና 2000 ዓመት ገደማ የሱ ሀሳብ ነው የገዛው። ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ የሚለይ ሚዛን በማንም እጅ አልነበረም። ሚዛን ስል እውነተኛውን፣ ግራም የሚለካውን ማለቴ ነው።

ዳልተን ጋ ስንመጣ ግን ሚዛኑ አለ። ቀድሞት ላቮይዜ ኬሚካሎች ሲዋሃዱ ጠቅላላ ክብደታቸው እንደማይጨምር እንደማይቀንስ በሚዛን አሳይቷል። አሁን ዛሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች ላሳይሽ። 12 ግራም ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ አንደኛው ጋዝ ላይ 16 ግራም ኦክስጅን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ጋዝ ላይ 32 ግራም። 20 የለም፣ 27 የለም፣ ወይ 16 ወይ እጥፉ። ነገሩ እንደ ፈሳሽ ያለማቋረጥ የሚቀጥል ቢሆን መሀል ላይ የሆነ ቁጥር ለምን አይገኝም? እጥፍ በእጥፍ የሚሄደው አንድ ፍሬ ወይ ሁለት ፍሬ ስለሚያያዝ ነው፣ ፍሬ ደሞ ግማሽ የለውም። ዳልተን በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያለው ዋና ነገር ይሄ ነው። አቶም አላየም፣ ግራሞቹ ናቸው የነገሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ጠያቂዋ_11ኛ፦
ይሄ ገባኝ! ግን አንድ ነገር፣ ውሃ ላይ ስንት ሃይድሮጅን ከስንት ኦክስጅን ጋር እንዳለ በምን አወቀ? ግራም ብቻውን እሱን አይነግረውም እኮ።

ኬሚስትሪ_ላብ፦
አላወቀም! በጣም ነው ደስ ያለኝ ይሄን መጠየቅሽ። ዳልተን ሌላ መረጃ ከሌለኝ ቀላሉን ልውሰድ ብሎ ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አደረገው፣ እና የኦክስጅን ክብደት በግማሽ ተሳሳተበት። አቮጋድሮ በ1811 መፍትሄውን አምጥቶ ነበር፣ እኩል መጠን ያላቸው ጋዞች በእኩል ሙቀትና ግፊት እኩል ቁጥር ሞለኪውል ይይዛሉ አለ፣ ሰሚ አላገኘም። ወደ 50 ዓመት ሙሉ አንዱ ኬሚስት የሚጽፈውን ፎርሙላ ሌላው በሌላ መንገድ ሲጽፍ ኖረ። በ1860 ጀርመን ካርልስሩህ ላይ ተሰብስበው ካኒዛሮ የአቮጋድሮን ሀሳብ አቧራውን አራግፎ አቀረበው፣ እዛ ስብሰባ ላይ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ ሜንዴሌቭ ነበር። ክብደቶቹ ባይስተካከሉ ኖሮ በ1869 ያወጣው ፔሪዮዲክ ቴብል ባልተደረደረ።

ሌሊት_አንባቢ፦
እኔ ያስገረመኝ ይሄ ሁሉ ሆኖም አቶምን የማያምኑ ትላልቅ ሳይንቲስቶች እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መኖራቸው ነው። ፎርሙላ ለመጻፍ ይመቻል እንጂ በእውነት ያለ ነገር አይደለም ይሉ ነበር። ማንበብ ስጀምር ውሸት መስሎኝ ነበር።

መምህር_በጡረታ፦
ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ይሄ የምታነሱት ክፍል ሁልጊዜ ጊዜ አነሰ እየተባለ የሚዘለል ነው፣ እኔም ዘልዬዋለሁ፣ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማኽና ኦስትቫልድ የሚባሉ ትልልቅ ሰዎች አቶምን አንቀበልም ብለው ነበር። ቦልትዝማን ደግሞ ሙቀትና ግፊት የአቶሞች መተራመስ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ፣ በ1906 ራሱን አጠፋ፣ ሕመምም ነበረበት። የሚያሳዝነው ወደ ማረጋገጫው የወሰደው ሂሳብ ከአንድ ዓመት በፊት ታትሞ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውሃ ላይ ያለ እረፍት ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አየ። ሕይወት ስላላቸው ይሆን ብሎ የመስታወትና የድንጋይ ዱቄት ሞከረ፣ እነሱም ተንቀጠቀጡ። ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዘመን አለፈ። አንስታይን በ1905 ቅንጣቷን ከየአቅጣጫው የሚመቷት የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው፣ እንዲያ ከሆነ ደግሞ በዚህን ያህል ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ይህን ያህል መራቅ አለባት ብሎ ሂሳቡን አወጣ። ፔሪን ፈረንሳይ አገር ቁጭ ብሎ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ እየቆጠረ ለካው፣ ገጠመ። በዚህ ብቻ አላቆመም፣ የአቮጋድሮን ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ያለውን የቅንጣት ብዛት) ፈጽሞ በማይገናኙ ብዙ መንገዶች አስልቶ ሁሉም አንድ አካባቢ መጡ። ኦስትቫልድ ራሱ በ1909 ተሳስቼ ነበር ብሎ በጽሑፍ አመነ።

ልጄ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ እዚህ ውስጥ ይገኛል። ሳያዩት ያወቁት የተለያየ መንገድ የሄዱ ሰዎች አንድ ቁጥር ላይ ስለተገናኙ ነው።

ጠያቂዋ_11ኛ፦
መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ብለው የነገሩን የለም። ግን ቆይ፣ ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው በ1897 አይደል? ስለዚ የአቶም ቁራጭ የተገኘው አቶም ራሱ መኖሩን ሁሉም ሳይቀበል ነው ማለት ነው?

ሃይድሮጅን_1፦
አዎ! በተራ ስንማር ማይታየው ነገር ይሄ ነው፣ እውነተኛው ታሪክ ተራ አልጠበቀም። ቶምሰን ካምብሪጅ ካቨንዲሽ ላብ ውስጥ አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ከኔጋቲቩ ብረት ተነስቶ የሚሄደውን የካቶድ ጨረር በኤሌክትሪክና በማግኔት እያጠመዘዘ የቻርጁንና የማሱን ሬሾ ለካ። ዋናው ነገር መለካቱ ብቻ አይደለም፣ ብረቱን ቢቀይር ጋዙን ቢቀይር ሬሾው ያው መሆኑ ነው። ከአሉሚኒየምም ከፕላቲነምም የሚወጣው አንድ አይነት ነገር ከሆነ ይሄ ነገር የሁሉም አቶም አካል መሆን አለበት። ደሞ ከሃይድሮጅን አቶም በጣም የቀለለ ነው፣ ዛሬ 1800 ጊዜ ገደማ እንላለን።

መጽሐፋችን ላይ ዘቢብ እንደተበተነበት ኬክ ተደርጎ የሚሳለው ሞዴሉ ግን እንደሚወራበት ቂል ሀሳብ አልነበረም። ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነው፣ አቶም ግን ቻርጅ የለውም፣ ስለዚ ፖዘቲቩ የሆነ ቦታ መኖር አለበት፣ የት እንዳለ ምንም መረጃ ስላልነበረው በሙሉ አቶሙ ላይ አለሰለሰው። ኤሌክትሮኖቹንም ቀለበት በቀለበት ደርድሮ ፔሪዮዲክ ቴብልን ለማስረዳት ሞክሯል።

ክፍት_ቦታ፦
ከዛ ራዘርፎርድ መጣና በወርቅ ቅጠሉ ሙከራ (አልፋ የሚባሉ ፈጣን ፖዘቲቭ ቅንጣቶች ስስ ወርቅ ላይ የተተኮሱበት) ገለበጠው፣ በሱም ኖቤል ተሸለመ። ከ8000 አልፋ አንዱ ወደ ኋላ ሲመለስ አየ፣ በቃ አቶም ባዶ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ኒውክለስ አለ።

ሃይድሮጅን_1፦
ወንድሜ ሁለት ነገር ላስተካክል። ኖቤሉን ያገኘው በ1908 በኬሚስትሪ ነው፣ ስለ ራዲዮአክቲቭ ነገሮች መለዋወጥ በሰራው፣ ሙከራው ገና ሳይሰራ። ያ 8000 ሚባለው ቁጥር ደሞ ፕላቲነም ላይ የተገኘ ነው፣ በ1909፣ አይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ የቆጠረውም ራዘርፎርድ ሳይሆን ጋይገርና ማርስደን ናቸው። ማርስደን ያኔ ዲግሪውን ያልጨረሰ ተማሪ ነበር፣ 20 ዓመቱ።

እስቲ ስራውን አስቡት። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ አይንሽ እስኪለምድ ትጠብቂያለሽ፣ ከዛ በማይክሮስኮፕ የዚንክ ሰልፋይድ ስክሪን ላይ ብልጭ ስትል አንድ፣ ብልጭ ስትል ሁለት እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። የጋይገር ቆጣሪ ሚባለው መሳሪያ ላይ የዚህ ሰውዬ ስም መኖሩ አይገርምም።

ለምን ቶምሰንን እንደጣለው ግን «ተመለሰ» ማለት ብቻ አይበቃም። አልፋ ከኤሌክትሮን ከ7000 ጊዜ በላይ ይከብዳል፣ ኤሌክትሮን ቢገጨው ንቅንቅ አያደርገውም። ፖዘቲቩ ደሞ በሙሉ አቶሙ ላይ ከተበተነ የትም ቦታ ላይ ኃይሉ ደካማ ነው። ምናልባት ብዙ ትናንሽ ግፊቶች ተደምረው መለሱት እንዳይባል ራዘርፎርድ አሰላው፣ እንዲህ መደመር የሚችልበት ዕድል ለዜሮ የቀረበ ነው። በአንድ ግጭት ብቻ ነው ሊመለስ የሚችለው። ያን የሚያክል ፈጣን ነገር በአንዴ የሚመልስ ጉልበት እንዲኖር ቻርጁ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ መታጨቅ አለበት። የአልፋውን ጉልበት ከወርቁ 79 ቻርጅ ጋር ስታሰላስዪው ተመላሹ አልፋ አቶሙ ከሚያክለው 10 ሺህ ጊዜ ገደማ ባነሰ ርቀት ድረስ ገብቶ ነው የሚቆመው። ስለዚ ኒውክለሱ ከዛም ያነሰ ነው። ይሄን አሰላስሎ ለማሳተም እስከ 1911 ፈጀበት፣ ያውም ራዘርፎርድን የሚያህል ሰው።

ክፍት_ቦታ፦
አመሰግናለሁ ስለ እርማቱ፣ እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማውቀው። ግን አቶም 99.99 ምናምን ፐርሰንት ባዶ መሆኑስ ልክ ነው አይደል?

ሌሊት_አንባቢ፦
እኔ እሱ አባባል ላይ አልስማማም። ማሱ የት እንዳለ ከጠየቅክ አዎ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኒውክለሱ ላይ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሮኑን እንደ ትንሽ ጠጠር አስበህ ሌላው ቦታ ባዶ ነው ካልክ የ1911ዱን ስዕል ነው የያዝከው። ዛሬ ኤሌክትሮኑ በሙሉ አቶሙ ላይ የተዘረጋ ሞገድ ነው ምንለው፣ እዛ ቦታ ላይ «ምንም የለም» ማለት አይቻልም። እጅህ ጠረጴዛውን አልፎ የማይገባውም በዚህ ነው፣ የፓውሊ ህግ ሁለት ኤሌክትሮን አንድ ሁኔታ ውስጥ እንዲሆኑ አይፈቅድም።

ክፍት_ቦታ፦
እሺ ግን አልፋው እኮ አልፎ ሄዷል። ባዶ ካልሆነ እንዴት አለፈ?

ሌሊት_አንባቢ፦
አልፋው ያለፈው ኤሌክትሮኖቹ በጣም ቀላል ስለሆኑ ነው፣ ሲያልፍም በነጻ አላለፈም፣ በየአቶሙ ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት እየከፈለ ነው፣ ወፍራም ነገር ውስጥ ቢገባ እዛው ይቆማል። በእርግጥ ባዶ ቢሆን ምንም አይከፍልም ነበር።

ክፍት_ቦታ፦
ይሄኛው አሳመነኝ።

ጠያቂዋ_11ኛ፦
እዚህ ላይ ቦር ጋ እንምጣና፣ እኔን ሚያምታታኝ እሱ ነው። ኤሌክትሮኖች እንደ ፕላኔት ይዞራሉ ይባላል ከዛ ወዲያው አይዞሩም ይባላል።

መምህር_በጡረታ፦
ልጄ እንዲያምታታሽ የሚያደርገው ቦር የመጣበት ችግር ስለማይነገርሽ ነው። የራዘርፎርድ አቶም በወቅቱ በሚታወቀው ፊዚክስ መሠረት መቆም አይችልም ነበር። የሚዞር ቻርጅ ብርሃን ይረጫል፣ ብርሃን ሲረጭ ጉልበት ያጣል፣ ጉልበት ሲያጣ ወደ መሀል ይወድቃል፣ ሂሳቡ ሲሠራ ከሰከንድ መቶ ቢሊዮንኛ ገደማ ውስጥ ያልቅለታል። እኛ ግን አለን። ስለዚህ የሆነ ሕግ ጎድሏል።

በሌላ በኩል ባልመር የሚባል የስዊስ ትምህርት ቤት መምህር በ1885 የሃይድሮጅንን አራት የብርሃን መስመሮች፣ 656፣ 486፣ 434 እና 410 ናኖሜትር፣ በአንዲት አጭር ፎርሙላ አስሯቸው ነበር፣ ፎርሙላዋ ለምን እንደምትሠራ ማንም አያውቅም። ቦር በ1913 ኤሌክትሮን የተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ብቻ መሆን ይችላል፣ እዛ ላይ ሳለ አይረጭም፣ የሚረጨው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ ነው ብሎ ደነገገ። ደረጃዎቹ 13.6ን በደረጃው ቁጥር ካሬ ስታካፍዪ የሚገኙ ናቸው፣ መለኪያው ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከ3ኛ ወደ 2ኛ ሲወርድ 3.40 ሲቀነስ 1.51፣ 1.89 ይሆናል። 1240ን (ኤሌክትሮን ቮልትን ወደ ናኖሜትር የሚቀይረውን ቁጥር) ለ1.89 አካፍዪ፣ 656 ናኖሜትር፣ ቀዩ መስመር። ደብተርሽን አውጪና ከ4ኛ ወደ 2ኛ ራስሽ ሥሪው።

ኬሚስትሪ_ላብ፦
መምህር እስክትሰራው እኔ ስለ ሞዝሊ አንድ ነገር ልበል፣ ሁልጊዜ ይረሳል። በ1913 ኤለመንቶችን በኤክስሬይ እየመረመረ መስመራቸው በክብደት ሳይሆን በኒውክለሱ ቻርጅ ቁጥር እንደሚሄድ አሳየ። ኮባልት 58.93 ኒኬል 58.69 ይመዝናሉ፣ በክብደት ቢሆን ኒኬል ይቀድማል፣ ሞዝሊ ግን ኮባልት 27 ኒኬል 28 ነው አለ። አቶሚክ ነምበር ብለን የምንሸመድደው የዛን ቀን ነው ትርጉም ያገኘው። በ1915 ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ፣ 27 ዓመቱ ነበር። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ቻርጅና ክብደት አለመግጠማቸው ራሱ ሌላ ጥያቄ ነበር፣ ናይትሮጅን ቻርጁ 7 ክብደቱ 14፣ ግማሹ ክብደት ከየት መጣ? እሱን የመለሰው ቻድዊክ ነው በ1932፣ ቻርጅ የሌለውን ቅንጣት ኒውትሮንን አግኝቶ። ከሱ ጥቂት ሳምንት በፊት ዦልዮ ኩሪዎቹ (ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች) የኒውትሮኑን ጨረር በእጃቸው ይዘው ጋማ መስሏቸው አለፋቸው።

ሃይድሮጅን_1፦
ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስለ ዋስትናው። ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት ይዞራል የሚለው ስዕል ሞቷል፣ በ1925 ሃይዘንበርግ በ1926 ሽሮዲንገር ቀየሩት፣ መንገድ የለውም፣ የት የመገኘት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ነው ሚሰላው። ግን የሽሮዲንገርን እኩልታ ለሃይድሮጅን ስትፈቺው ያው 13.6 ነው የሚወጣው! ካልወጣ ማንም አይቀበለውም ነበር። የዳልተን 16ና 32 ግራም ዛሬም ላብ ውስጥ ይሰራል፣ የራዘርፎርድ ኒውክለስ ዛሬም አለ፣ ቶምሰን ለክቶ ያገኘው ኤሌክትሮን ዛሬም ያው ነው። የሞተው «የማይከፈል» የሚለው፣ «ፖዘቲቩ የተበተነ ነው» የሚለው፣ «እንደ ፕላኔት» የሚለው፣ ማለትም ያልተለካው ክፍል። አዲስ ነገር ነገ ቢመጣ እነዚህን ቁጥሮች ሁሉ መልሶ መስጠት አለበት፣ እኔ እሱን ነው ዋስትና የምለው። ደሞ ኤሌክትሮን ቅንጣት ነው ያለው ቶምሰን ኖቤል ተሸልሟል፣ ልጁ ጆርጅ ቶምሰን ሞገድ መሆኑን በሙከራ አሳይቶ በ1937 ተሸለመ። አባት አልተሳሳተም፣ ልጅም አልተሳሳተም።

ጠያቂዋ_11ኛ፦
መምህር ሰራሁት! 3.40 ሲቀነስ 0.85፣ 2.55። 1240 ለ2.55፣ 486!! ከዛ 5ኛውንም ሰራሁት 434 መጣ። ቦርን እንደዚህ አስተምረውኝ አያውቁም። እና ለምንድነው ስህተት ነው ሚባለው ታዲያ?

መምህር_በጡረታ፦
ጎበዝ ልጄ። ሁለት ኤሌክትሮን ያለው ሂሊየም ጋ ስትደርሺ አይሠራም፣ ብዙ ሞከሩ አልሆነም። አንዱን ኤሌክትሮን ብትነጥቂው ግን ይሠራል፣ ቻርጁ 2 ስለሆነ 13.6 በ4 ተባዝቶ 54.4 ይሆናል። አሁን ይሄን አድርጊ፣ ከ6ኛ ወደ 4ኛ እና ከ7ኛ ወደ 4ኛ አስዪና ምን እንዳየሽ ንገሪኝ።

ጠያቂዋ_11ኛ፦
ከ7ኛ ወደ 4ኛ 541 ወጣ። ከ6ኛ ወደ 4ኛ ግን... 656። መምህር ይሄ እኮ የሃይድሮጅኑ ነው! የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስቴ ሰራሁት።

መምህር_በጡረታ፦
አልተሳሳትሽም። ፒከሪንግ የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው በ1896 ከአንድ ኮከብ ብርሃን ውስጥ የዚህን ቤተሰብ መስመሮች አይቶ ሁሉም ሃይድሮጅን ነው ብለው ተቀበሉት፣ ከሃይድሮጅን መስመሮች ጋር በየመሀሉ ስለሚገጥሙ። ቦር ሃይድሮጅን አይደለም ኤሌክትሮን የተነጠቀ ሂሊየም ነው አለ፣ ራዘርፎርድ ላብ ውስጥ በሂሊየም ቱቦ ሲሞከር መስመሮቹ ታዩ። ፋውለር የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ግን በደንብ ለክቶ መስመሮቹ በትክክል አይገጥሙም፣ የሂሊየሙና የሃይድሮጅኑ ጥምርታ 4 አይደለም 4.0016 ነው ብሎ ተቃወመ። ቦር ደግሞ ኒውክለሱም ከኤሌክትሮኑ ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ረስቼው ነበር፣ እሱን ሳስገባ የሚመጣው 4.0016 ነው አለ።

የኤሌክትሮንን ማስ ከፕሮቶንና ከሂሊየም ኒውክለስ ማስ ጋር ይዘሽ ይሄንንም ማውጣት ትችያለሽ። እጠብቃለሁ።

ጠያቂዋ_11ኛ፦
ደብተሬ አልተዘጋም መምህር፣ እየሰራሁ ነው።